ከነገመዱ

አንድ አገር ነበር። ስሙን የማልነግራችሁ ረስቼው አይደለም። ብነግራችሁ እዚያ ዘመድ ያለው ይቀየመኛል፤ ዘመድ የሌለው ደግሞ እኛን አይመለከትም ብሎ ይተኛል። ስለዚህ ዝም ብላችሁ ስሙኝ፤ እግዚአብሔር ለሁላችንም ልቡና ይስጠን።

በዚያ አገር ማረሻ የሚሠራ አንድ ትልቅ ቤት ነበር፤ የማረሻ ቤት ይሉታል። ድሮ በየመንደሩ ቀጥቃጭ ነበረ፤ ሰው ማረሻውን ከጎረቤቱ ነበር የሚያሠራው። በኋላ ትልቁ ቤት የሸጠለትን እየገዛ፣ ያልሸጠለትን ከሰል እየከለከለ ብቻውን ቀረ። የቤቱ ጌታ ብረት ጌታ ይባላል። ብረት ጌታ ማረሻውን በየዓመቱ ያሳድገው ነበር። መጀመሪያ ጥማድ በሬ ይጎትተው ነበር፤ ቀጥሎ የጎረቤትም በሬ መለመን መጣ፤ ቀጥሎ ጎረቤትየው ራሱ ከኋላ ሆኖ መግፋት ነበረበት። ለምን እንዲህ ገዘፈ ብሎ የጠየቀ የለም። ያምናውን ይዞ የሚያርስ ሰው ግን በገበያ ሲያልፍ በጣት ይጠቋቆሙበት ስለነበር፣ እያማረረም ቢሆን አዲሱን ይገዛል።

ማረሻ ክብር ነበረው። በመንገድ ሲያልፍ የተቀመጠ ሰው ይነሣል። አዲስ ማረሻ የገባበት ቤት ማረሻውን እንግዳ የሚያርፍበት መደብ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ባለቤቱ ራሱ በር ላይ ቆሞ ይውላል። ማረሻው ሲሰበር ደግሞ ባለቤቱ መጠገን አይችልም። መጀመሪያ የስብራት ምስክር የሚባለው ሹም አይቶ «በእርግጥ ተሰብሯል» ማለት አለበት። የስብራት ምስክር ግን ስለ ክብሩ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድም። ከቤቱ ወጥቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከወረደ ወዲያ የሚመለስበት ሥርዓት አልተሠራለትም። ስለዚህ ታች ወንዙ ዳር፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተጠራቀሙ ብዙ የስብራት ምስክሮች ሥራ ፈትተው ተቀምጠው ነበር። የደጋው ሰው ማረሻውን ተሸክሞ እነሱ ዘንድ ይወርዳል፤ ያዩለትና መልሶ ተሸክሞት ይወጣል። ሰው ይህን ሁሉ ለምዶት ነበር፤ ሲወጣ ሲወርድ ያማርራል፣ እቤቱ ሲገባ ይረሳዋል።

በዚሁ አገር፣ ከኮረብታው ጎን፣ አፈር ጠያቂዎች የሚባሉ ሰዎች ተነሡ። አለቃቸው ስንሻው ይባላል። ሥራቸው እንዲህ ነው። ቋጠሮ ያለው ረጅም ገመድ በማሳው ላይ ይዘረጋሉ። ቋጠሮው በወደቀበት ሁሉ ተንበርክከው አንድ እፍኝ አፈር ያነሣሉ፤ በውኃ ያርሱታል፣ ያሸቱታል፣ ጉንጫቸው ላይ ለጥፈው ያዳምጡታል፣ ትንሽም ይቀምሱታል። ከዚያ ለባለ ማሳው ይነግሩታል። እዚህ ርቦኛል ትላለች፣ ፍግ አልብሳት። እዚህ ደክሞኛል ትላለች፣ ዘንድሮ ተዋት። እዚህ ደግሞ አትጫነኝ፣ በላይ በላዩ ዝራብኝ ትላለች።

ድሮ ሰው ማሳውን ሁሉ አንድ አድርጎ ነበር የሚያየው። ጥጉም መሐሉም እኩል ይታረስና እኩል ዘር ይበተንበታል። ጠያቂዎቹ ከመጡ በኋላ ግን አንዱ ማሳ ብዙ ሰው እንዳለበት ቤት ሆነ፤ ለሕፃኑ የሕፃን፣ ለአሮጊቷ የአሮጊት ይቀርብለት ጀመር። የሚዘራው አነሰ፣ የሚታጨደው በዛ። ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከጤና ቀጥሎ የሚጠያየቁት «ያንተዋስ ምን አለች?» ሆነ። የሚስቱንም የመሬቱንም ነገር በዚህ በአንድ ቃል ስለሚጠይቁት፣ አንዳንዱ ስለ ሚስቱ የተጠየቀውን ስለ መሬቱ ይመልስ ነበርና ብዙ ሳቅ ነበረበት።

ይህ ነገር የማረሻ ቤትን እንቅልፍ ነሣው። ለምን ቢባል፣ መሬት ስትጠየቅ ብዙ ጊዜ የምትመልሰው «አትረሰኝ» ነበር። እዚህ ጥግ አትረሰኝ፣ እዚያ ጫር ብቻ አድርገኝ። ገበሬው ከማሳው ግማሹን ብቻ የሚያርስ ከሆነ ማረሻ ለመንደር አንድ ይበቃል፤ ይዋዋሰዋል። ትልልቆቹ ማረሻዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ዶሮ ሰፈረባቸው። በመንገድ ሲያልፉም የሚነሣላቸው ሰው እያነሰ ሄደ።

ብረት ጌታ ቃል ፈቺዎቹን ሰበሰበ። ቃል ፈቺዎች የሚባሉት ሰው የተናገረውን ወስደው ያልተናገረውን የሚያወጡለት የቤቱ ሊቃውንት ናቸው። አንደኛው ጠያቂዎቹ ይከልከሉ አለ። ሌላው ደግሞ መሬት ከተጠየቀች ማረሻውም ይጠየቅ፣ እሱም የሚለው አይጠፋም አለ። የሁሉም ታላቅ የሆነው ግን ጥርሱን በእንጨት እየነካካ ቆይቶ «ለምን እንጣላቸዋለን? እንግዛቸው» አለ።

በዚያ አገር ሽያጭ ሁሉ፣ የቤትም ሆነ የማር፣ በከብት ገበያ ሥርዓት ነው የሚፈጸመው። ገዢ «ነውር የለበትም?» ይላል። ሻጭ «የለበትም» ይላል። ገዢ «ከነገመዱ ነው ያለ ገመዱ?» ይላል። በሬ የሸጠ ድኻ አብዛኛውን ጊዜ «ያለ ገመዱ» ይልና ገመዱን ከበሬው አንገት ፈትቶ ይዞ ይሄዳል። ልቡ የቸረ ሰው ግን «ከነገመዱ» ብሎ ገመዱን ይመርቃል።

ብረት ጌታ ድንኳን ተክሎ፣ በሬ ጥሎ ስንሻውን ጠራው። ስንሻው ስግብግብ ሰው አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። በየማሳው ሲንበረከክ ጉልበቱ አልቋል። ሰው ከሩቅ አገር እየመጣ ናልኝ ሲለው በእግሩ መድረስ ስላቃተው፣ ያልደረሰበት ማሳ በሕልሙ ሁሉ እየመጣ ይጠራው ነበር። ብረት ጌታም ለጠያቂ ሁሉ በቅሎ እሰጣለሁ፣ በአገሩ ያልተጠየቀ ማሳ አይቀርም አለው። ስንሻው ይህን ሲሰማ እግዚአብሔር ጸሎቴን ሰማ አለ።

ሽያጩ በቅዳሜ ገበያ ሆነ። «ነውር የለበትም?» አለ ብረት ጌታ። የለበትም አለ ስንሻው። «ከነገመዱ ነው ያለ ገመዱ?» ሲለው ስንሻው ትከሻው ላይ የተጠቀለለውን ገመድ አየት አደረገው። አርጅቷል፤ ቋጠሮዎቹም ላልተዋል። ለዚህች ደግሞ እሰስታለሁ ወይ ብሎ «ከነገመዱ» አለ። ሕዝቡ እልል አለ። አንለይ የሚባለው ገበሬም፣ ስንሻው ልጁን ክርስትና ያነሣለት አበልጁ፣ ከሁሉ በላይ ሲያጨበጭብ ነበር።

በማግሥቱ ቃል ፈቺዎቹ ቃሉን ፈቱት። ገመድ ማለት ቃጫ ብቻ አይደለም አሉ። በሬ ከነገመዱ ሲሸጥ ገመዱ ያሰረው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ይህ ገመድ ደግሞ በአገሩ ማሳ ሁሉ ላይ ተዘርግቷል፤ ቋጠሮው ያልወደቀበት ጥግ የለም። መሬት የተናገረችውን ሁሉ የተናገረችው ገመዱ ላይ ነው። ስለዚህ መሬት ያለችውም፣ የምትለውም፣ ወደፊት ልትል የምትችለውም የማረሻ ቤት ነው። ጠያቂዎቹም ገመዱን የያዙ እጆች ስለሆኑ ከገመዱ ይቆጠራሉ፤ ቤቱ ካልፈቀደላቸው በቀር ለማንም አፈር አያነሡም።

ስንሻው ይህን ሲሰማ ሣቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ቀልድ አለመሆኑን ያወቀው ካባ ሲደርቡለት ነው። ሊቀ ጠያቂ ብለው ሾሙት፤ በማረሻ ቤት ግቢ ዳስ ጥለው አስቀመጡትና ምንም ሳይጠይቁት ያኖሩት ጀመር። ከጠያቂዎቹ አንዳንዶቹ ለሥራ የተገዙ ነበሩ፤ የሚበዙት ግን ለመቀመጥ የተገዙ ናቸው። በቅሎ ለሁሉም ተሰጣቸው። የሚሄዱበት አልነበራቸውም እንጂ በቅሎዎቹ ጥሩ ነበሩ።

ገመዱን ከአዲሱ ማረሻ ጭራ ላይ አሰሩት። ማረሻው ላይ ደግሞ ወንበር ተሠራ፤ በወንበሩ ላይ አፈ ገመድ የሚባል ሹም ይቀመጣል። ገመዱ የሰማውን ጮክ ብሎ የሚናገር እሱ ነው። በኮረብታው ጎን የተሾመው አፈ ገመድ ይስማው የሚባል ወፍራም ሰው ነበር፤ በሬዎቹ ሲያዩት ገና ያቃስታሉ። ይስማው ክረምት ከበጋ ጉንፋን አይለቀውም፤ ሽታ አያውቅም። ጥፍሩ ውስጥ አፈር እንዳይገባ ስለሚፈራ አፈር ነክቶ አያውቅም። ቢሆንም ማሳ ላይ ሲደርስ ገመዱን በአንድ ዓይኑ ያይና ጠለቅ አድርግ፣ ድገም ይላል። የትም ማሳ ቢሆን ጠለቅ አድርግ፣ ድገም ነው። ጠለቅ ያለ ማረሻ ድንጋይ ያገኘዋል፣ ይሰበራል። የተሰበረው ደግሞ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ወንዙ ዳር ያሉት ምስክሮችም ሥራ አገኙ።

ቀጥሎ አዋጅ ወጣ። ማንም ሰው መሬቴ እንዲህ አለችኝ አይበል፤ ያለችው የቤቱ ነውና። እንዲህ ያለ ሰው «ማን ነገረህ?» ተብሎ ይያዛል። አንድ ምስኪን በገበያ መሐል «እሷ እኮ በቃኝ ብላኛለች» ሲል ተሰምቶ ታስሮ ነበር፤ ሚስቱ መጥታ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጠላ አትጠጣ ነው ያልኩት ብላ መስክራ አስፈታችው። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጤና ይጠያየቁና እግር እግራቸውን እያዩ ይቆማሉ። ከንፈራቸው ላይ የቀረ ነገር አለ፤ ግን ማንም አያወጣውም። ማሳ ውስጥ ገብቶ ጎንበስ ያለ ሰው ቀና ብሎ ግራ ቀኝ ያያል። እንቅልፍም አልነበረም። ሰው ወጥቶ ደጁ ላይ ይንጎራደዳል፤ ምን ሆንክ ሲሉት ምንም ይላል፤ ምን እንደሆነ ራሱም አያውቀውም።

አሁን ወደ አንለይ ልመለስ።

የአንለይ ማሳ ኮረብታው ላይ ተዳፍታ የተንጠለጠለች ነች። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ጎርፍ መጣና የላይኛውን አፈር ጠርጎ ታች አስተኛው። ድሮ ወፍራም የነበረው ላዩ፣ አሁን ድንጋዩ እንደ ከሲታ በሬ ጎድን ወጥቶ ይታያል። ድሮ ስስ የነበረው ታቹ ደግሞ እግር ያሰምጣል። አንለይ በቤቱ የቀረው ዘር በአንዲት ስልቻ ያለ ገብስ ብቻ ነበር። እሱ ከበቀለ ቤተ ሰቡ ከርሞን ያያል። ካልበቀለ ረሀቡ ብቻም አይደለም፤ በአዲሱ ሕግ ያልበቀለባት ማሳ «ባለቤቷ አላዳመጣትም» ተብላ ለማረሻ ቤት ትገባለች።

ዝናቡ ሊገባ ደመናው ሲያንዣብብ ይስማው በበቅሎ መጣ። ማሳው ውስጥ አልገባም፤ ዳር ላይ ቆሞ፣ ከማረሻው ጭራ ፈትቶ ያመጣውን ገመድ አየና አምና በሰማው ፈረደ። ላይኛው ጠለቅ ተደርጎ ይታረስ፣ ይደገም፣ ገብሱም ሁሉ እዚያ ይዘራ። ታችኛዋ ደክሞኛል ብላለችና አትነካ። ሰኞ ማረሻውን ይዤ እመጣለሁ አለ።

አንለይ ኮፍያውን አውልቆ ቀረብ አለ። «ጌታዬ፣ ይህ እኮ ያምናው ነው። ካምና ወዲህ ጎርፍ አገላብጧታል። ላዩ ላይ ማረሻ ቢገባ የቀረችውም አፈር ትሄዳለች።»

«ገመዱ ስለ ጎርፍ ያለኝ ነገር የለም» አለ ይስማው።

«እንዲያው በዓይንዎ ይዩት፤ እዚሁ ነው።»

«ደክሞኛል ያለችውን ታቹን አልደከመችም፣ ጠንካራ ነኝ ያለችውን ላዩን ደክማለች ነው የምትለኝ። ማን ነገረህ?»

አንለይ ማንም አልነገረኝም፣ እንዲያው ነው አለ። ይስማው አስነጠሰና በቅሎውን አዞረ።

የአንለይ ሚስት ማንጠግቦሽ ትባላለች፤ የከብት ነጋዴ ልጅ ነች፤ ምላሷ አይያዝም። ያን ቀን አንለይ ከቤት ወጣ ገባ ሲል አይታ ምን ትሽከረከራለህ፣ አበልጅህ ዘንድ እንሂድ አለችው። ወደ ማረሻ ቤት ግቢ ግን የተሰበረ ማረሻ ያልያዘ ሰው አይገባም። ስለዚህ ከጎረቤት የተሰበረ ማረሻ ተዋሱ፤ አንለይ በአንድ ትከሻው፣ ማንጠግቦሽ በሌላው ጫፍ ተሸክመው ሄዱ። በመንገድ ያገኛቸው ሁሉ ለማረሻው ከተቀመጠበት እየተነሣ ያሳልፋቸው ነበር። እሷ ለእኔ ተነሥቶ የሚያውቅ የለም ስትል፣ እሱ ዝም በይ ሲላት ደረሱ።

ስንሻው ዳሱ ውስጥ ካባውን ደርቦ ተቀምጧል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጣቶቹን ያፍተለትላል፤ እጁ አፈር ስለለመደ ባዶውን ማረፍ አቅቶታል።

«ወፈርክ፣ አበልጄ» አለችው ማንጠግቦሽ።

«መቀመጥ ነው ሥራዬ።»

አንለይ ነገሩን ሁሉ ነገረው፤ ጎርፉን፣ ይስማው ያለውን፣ ስልቻዋን። የምለምንህ አንድ እፍኝ ነው፣ መጥተህ አንሣልኝ፣ ምን እንደምትል ብቻ ንገረኝ አለው። ስንሻው አንገቱን ደፋ። እኔ ከገመዱ ተቆጥሬአለሁ፣ እግሬ ማሳህን ከረገጠ የምትለው ሁሉ የእነሱ ነው፤ ያስጠየቅኸኝ አንተም ከእኔ ጋር ትሄዳለህ አለው። አንለይ ቁጭ አለ። እዚያው ማረሻው ላይ ነው ቁጭ ያለው፤ በዚያ ግቢ ከዚህ የባሰ ድፍረት አልነበረም፤ ግን ልብ ያለው የለም።

«አንድ ቃል ነው ያልኩት» አለ ስንሻው። «አንዲት ቃል።»

ማንጠግቦሽ መቀመጥ እምቢ ብላ ትንጎራደድ ነበር። «አባቴ ከብት ነጋዴ ነበር» አለች። «ረጋጭ ላም ነውሯን ሳይናገር የሸጠ ሰው ላሟ ትመለስበታለች። አንተ ላም ብትሆን እስካሁን ተመልሰህ ነበር። ምን ይደረግ፣ ነውር የለብህም።»

አንለይ ተይ አላት። ስንሻው ግን አልተቆጣም። ቀና ብሎ አያትና ሻጩ ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቃት።

«ምን ይሆናል? ነውር ደብቆ የሸጠ ሰው ነዋ። በገበያ ቃሉ አይሰማም፤ መሐላው አይወሰድም፤ ለምስክርነት አይጠራም። ሰላምታ ካልነፈጉት እሱ ነው ትርፉ።»

ስንሻው እነሱ ማረሻቸውን አንሥተው ሲወጡ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ቆሞ ነበር። ምን ብሎ እንደለመነ የሚያውቅ የተለመነው ብቻ ነው።

ቅዳሜ ገበያው ሞላ። በገበያው መሐል የነውር ድንጋይ የሚባል ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። በገዛው ነገር ላይ ነውር ያገኘ ገዢ እሱ ላይ ወጥቶ ይጮኻል። ሻጭ ወጥቶበት አያውቅም፤ በገዛ እቃው ላይ ማን ይጮኻል? ስንሻው ካባውን እንደ ደረበ ወጣበት። ሰዉ የሚመርቅ መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ።

«የሸጥኩት ነገር ነውር አለበት» አለ ስንሻው። «ይዋሻል።»

ብረት ጌታ ከነቃል ፈቺዎቹ በገበያው ዳር ካለው ሰቀላው ወጣ። ይስማው ከሁሉ ቀድሞ ደረሰና ገመዱ ዋሽቶ አያውቅም ብሎ ጮኸ።

«እኔ ከገመዱ ተቆጥሬአለሁ?» አለው ስንሻው።

«ተቆጥረሃል» አለ ይስማው።

«እንግዲያ ገመዱ የማይዋሽ ከሆነ እኔም አልዋሽም። የማልዋሽ ሰው ይዋሻል ካልኳችሁ፣ ይዋሻል።»

ቃል ፈቺዎቹ ተያዩ። አንደኛው እንግዲያስ እሱ ዋሽቷል እንበል አለ። ሌላው፣ እሱ ከዋሸ ገመዱ ዋሸ ማለት አይደለም ወይ አለ። ታላቃቸው ጥርሱን ሊነካካ እንጨቱን ፈልጎ አጣው።

በዚህ መሐል የተናወጠው ቤቱ ብቻ አልነበረም። ሕዝቡ ነው የባሰው። በስንሻው ቃል ጥጋቸውን ጦም ያሳደሩ፣ በስንሻው ቃል ፍግ የተሸከሙ፣ ልጃቸውን እንኳ ስንሻው ይሙት እያሉ የሚያስምሉ ሁሉ እዚያ ነበሩ። ያን ሁሉ ዘመን ስታታልለን ነበር? ይሉታል። አንዲት ሴትዮ ጭቃ አንሥታ ካባው ላይ ወረወረች። ሌሎቹ ጠያቂዎችም፣ የገዛ ጓደኞቹ፣ እንጀራችንን አበላሸህ ብለው ሰደቡት። ስንሻው አልማለም፣ የእግዚአብሔርንም ስም አልጠራም። ያለው ይዋሻል ብቻ ነው። መቼ እንደዋሸ፣ በማን እጅ እንደዋሸ አልተናገረም። እኔ ነጋሪያችሁም ፍርዱን ለእግዚአብሔር ትቻለሁ።

ብረት ጌታ የገበያውን ፊት አየ። አገሩ ማረሻው በሚዋሽ ገመድ እንደሚሄድ ካመነ፣ ነገ ማረሻውንም ይዋሻል ይለዋል። ገመዱን ከማረሻው ጭራ አስፈትቶ ስንሻው እግር ሥር ወረወረው። የተመለሰ ከብት ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ሽያጩ ፈረሰ፣ ከገመዱ የተቆጠረውም ተለቀቀ። ስንሻውም ካባውን አውልቆ ድንጋዩ ላይ አኖረ፤ የበቅሎውን ልጓም ለይስማው ሰጠ። በሸሚዙ ብቻ ሆኖ በሕዝቡ መሐል አለፈ፤ የሰላምታ እጅ የዘረጋለት የለም። ገመዱን አላነሣውም። አዋጁንም የሻረው የለም፤ ቤቱ የውሸት ባለቤት ነኝ እንዳይል አፍሮ ዝም ብሎ ተወው።

አንለይ ገበያው መሐል እንደቆመ ቀረ። ስንሻው ለእሱ ሲል እንዳደረገው ልቡ ይነግረዋል፤ ጆሮው የሰማው ግን ሌላ ነው። ጎረቤቶቹ አበልጅህ እኮ ውሸታም ነው ሲሉት ወይ አልሆነም አላለም፣ ወይ ሆነ አላለም። እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሞ እንኳ ሐሳቡ ማሳው ላይ ነበር።

ሰኞ ማረሻው አልመጣም። የማረሻ ቤት ተቀይሟል። አንለይና ማንጠግቦሽ ዶማና ስልቻዋን ይዘው ወጡ። ከምዕራብ የመጣው ደመና ኮረብታውን ሊነካ ደርሷል፤ ነፋሱ ልብስ ይቀማል። የዚያ ሰፈር ሰው ሁሉ እርከኑ ላይ ቆሞ ያያል፤ ግማሹ አንለይ ያደረገውን ሊያደርግ፣ ግማሹ ሊስቅ ነው። ስንሻው በሸሚዙ መጣ። ማንንም ሳያይ ላይኛው ላይ ተንበረከከ፤ ቀጥሎ ታችኛው ላይ ተንበረከከ። አሸተተ፣ ጉንጩ ላይ ለጠፈ፣ ቀመሰ። ከዚያ ላይኛውን ተዋት፣ ማረሻም ዶማም አታስነካት፤ ታችኛውን ጫር ጫር አድርግና በላይ በላዩ ዝራ አለው።

አንለይ ስልቻዋን መሬት ላይ አስቀመጠ። «አበልጄ፣ ልጠይቅህ። ያኔ ነበር የዋሸኸው ወይስ ቅዳሜ?»

«ብምልልህ መሐላዬ አይወሰድም።»

«አትማልልኝ። ንገረኝ።»

«ነገርኩህ እኮ። ከዚህ ሌላ ያለኝ ይኸው ነው» አለና ስንሻው በእጁ የቀረውን እፍኝ አፈር አንለይ መዳፍ ላይ አደረገው።

አንለይ አሸተተው። አፈር አፈር ይሸታል። ጉንጩ ላይ ለጠፈው፤ ቀዘቀዘው። ጆሮውን አቆመ። ምንም አላለችውም። ላዩን አየ፤ እዚያ ቢዘራ ሕግ ያለውን አድርጓል፣ ማንም አይከሰውም። ታቹን አየ፤ እዚያ ቢዘራ ከገበያ የተመለሰ ሰው ቃል ይዞ ነው። የዘሩ ነገር ደግሞ ሁለተኛ የለውም። እርከኑ ላይ ያሉት ምን ይጠብቃል ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ትከሻው ላይ ወደቁ፤ ትልልቅ ናቸው።

ስልቻዋን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል አጣት።

ማንጠግቦሽ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ስልቻዋን በብብቷ ይዛ፣ ታችኛው ማሳ መሐል ደርሳ ነበር። ገብሱን እፍኝ እፍኝ እያደረገች ትበትናለች፤ እግሯ በሰመጠ ቁጥር እየነቀለች ትቀጥላለች።

«ማን ነገረሽ?» ብሎ ጮኸ አንለይ።

«ማንም» አለች ቀና ሳትል። «ዶማውን ይዘህ ና።»

አንለይ ዶማውን አነሣ። በሌላው እጁ ያለው አፈር በዝናቡ ጭቃ እየሆነ በጣቶቹ መሐል ይወርዳል። ሳይጥለው፣ እንደ ጨበጠው፣ ቁልቁል ወደ እሷ ሮጠ።